ቀን ሙሉ የሚያብሰለስል ጭንቀት፦ ኪኒን ከመዋጥ በፊት ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ «ላለፉት አራት ወራት ሐሳብ አላስቀምጥ ብሎኛል። ሥራው በዝቷል፣ የምከፍለው ዕዳ አለብኝ፣ የእናቴ ጤናም ያሳስበኛል። ቀን ሥራ ላይ ተቀምጬ ልቤ ሌላ ቦታ ነው፤ አንገቴና ትከሻዬ ድርቅ ብሎ ይውላል። ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ እባንንና እስኪነጋ ስገላበጥ አድራለሁ። ሰው ሁሉ ‹ብዙ አታስብ› ይለኛል። በጥልቀት ተንፍስ ተብዬ ስሞክር ራሴን ያዞረኛል። ድካሙን ለመቋቋም ቡና አብዝቻለሁ። አንድ ወዳጄ ለእሱ ከታዘዘለት የሚያረጋጋ ኪኒን፣ ዲያዜፓም፣ ጥቂት ፍሬ ሰጥቶኛል። ልውሰደው? ወይስ ያለ መድኃኒት የሚሆን ነገር አለ?»

ምላሽ፦ ኪኒኑን አይውሰዱት። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ጥያቄዎ ውስጥ መስተካከል ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ «አታስብ» የሚለው ምክር፣ በጥልቀት መተንፈሱና ቡናው። ሦስቱም ጭንቀቱን ወይም ድካሙን ለማቅለል ታስበው የገቡ ናቸው፤ ሦስቱም እያባባሱት ነው።

«አታስብ» የሚሉዎት ሰዎች ክፋት የላቸውም፣ ምክሩ ግን አይሠራም። ሐሳብን በጉልበት መግፋት መልሶ እንደሚያመጣው ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ጥናት በቀላል ሙከራ አሳይተዋል። ተሳታፊዎቹ ለ5 ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፣ ካሰቡ ደግሞ ደወል እንዲመቱ ተነገራቸው። ደወሉ ደጋግሞ ጮኸ። ይባስ ብሎ፣ ቀጥሎ «አሁን ስለ ድቡ አስቡ» ሲባሉ፣ ከመጀመሪያው እንዲያስቡ ከተነገራቸው ሰዎች የበለጠ ደወሉ። አእምሮ አንድ ሐሳብ መሄዱን ለማረጋገጥ ያንኑ ሐሳብ መፈለግ አለበትና፣ ስለ ዕዳው ላለማሰብ የሚታገል ሰው ቀኑን ሙሉ ዕዳውን ሲፈትሽ ይውላል። ሐሳቡ እንዳይመጣ ማድረግ የማንም አቅም አይደለም። ሲመጣ መቼና የት እንደሚስተናገድ መወሰን ግን ይቻላል፤ ዋናው ሥራም እሱ ነው።

ወደ እሱ ከመሄዴ በፊት ሰውነትዎን እንይ። ስጋት ሲሰማን አድሬናሊን በሴኮንዶች ውስጥ ይለቀቃል፣ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን በደቂቃዎች ውስጥ ይከተለዋል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ሆድ ይታወካል። ይህ የተሠራው ፊት ለፊት ለመጣ አጭር አደጋ ነው፤ አደጋው ሲያልፍ ይበርዳል። መብሰልሰል ግን አደጋውን በየሩብ ሰዓቱ አዲስ አድርጎ ያመጣዋል፣ ሰውነትም የታሰበውን ከደረሰው ብዙም አይለይም። የአንገትዎ መድረቅ የዚህ ውጤት ነው እንጂ የተለየ በሽታ ምልክት የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው።

«በጥልቀት ተንፍስ» ሲባል አብዛኛው ሰው ደረቱን ነፍቶ አየር ይምጋል፣ ቶሎ ቶሎም ይደጋግመዋል። በዚህ ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ውስጥ ከመጠን በላይ ይወጣል፤ የአንጎል ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ራስ ይዞራል፣ ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል፣ አየር ያጠረ ይመስላል። ሰውየው «አልበቃኝም» ብሎ ይበልጥ ይምጋል፣ ይብስበታል። የሚጠቅመው ዝግታው ነው፣ በተለይ የሚወጣው ትንፋሽ ከሚገባው መርዘሙ፤ ወደ ውጭ ስንተነፍስ ቬገስ የተባለው ነርቭ ልብን ያዘገያል።

ወንበር ላይ ጀርባዎን አስደግፈው ይቀመጡ። አንድ እጅዎን እምብርትዎ ላይ፣ ሌላውን ደረትዎ ላይ ያድርጉ። አፍዎን ዘግተው፣ በአፍንጫ፣ በልብዎ እስከ 4 እየቆጠሩ እንደ ወትሮው ያህል ብቻ አየር ያስገቡ። ከፍ ማለት ያለበት ሆድዎ ላይ ያለው እጅ ነው፤ ትከሻዎ ከተነሳ አየሩ በዝቷል። ከዚያ እስከ 6 እየቆጠሩ ቀስ ብለው ያስወጡ። በደቂቃ 6 ያህል ትንፋሽ ይሆናል። ለ5 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል። አቆጣጠሩ ከከበደ በ3 እና በ4 ይጀምሩ። ካዞረዎት የሚያስገቡትን መጠን ይቀንሱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ልምምዱን ጭንቀቱ ጫፍ ሲደርስ ብቻ መሞከሩ ላይ ነው፤ ሰውነት ያልለመደውን ነገር በዚያ ሰዓት አይታዘዝም። መጀመሪያ በተረጋጉበት ሰዓት ይልመዱት። ከትንፋሽ የማይገኘውንም አይጠብቁ፤ ሰውነትን ያበርዳል፣ ሐሳብ አያጠፋም። ትንፋሻቸውን ባዳመጡ ቁጥር ይበልጥ የሚጨንቃቸው ሰዎችም አሉ፤ እርስዎ እንደዚያ ከሆኑ ይተዉት፣ ምንም አይጎድልብዎትም።

ለአንገትና ለትከሻ የተሻለው የጡንቻ ልምምድ ነው፤ ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ያዳበረው ነው። አንዱን የሰውነት ክፍል ለ5 ሴኮንድ ያህል ማጠንከር፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ለቅቆ ለ20 ሴኮንድ ልዩነቱን ማስተዋል። መጀመሪያ ጡጫ፣ ቀጥሎ ክንድ፣ ትከሻን ወደ ጆሮ ማንሳት፣ ፊትን ማኮማተር፣ ሆድ፣ ጭን፣ ባት። ባት ላይ የእግር ጣትዎን ወደ ራስዎ ይሳቡ፤ ወደ ፊት ከዘረጉት ጡንቻው ሊሸማቀቅ ይችላል። በሙሉ ኃይል አያጠንክሩ፣ ግማሹ ይበቃል፤ የተጎዳ ቦታ ካለ ይዝለሉት። ጊዜ ካነሰ የትከሻው ብቻ ሥራ ላይ ሆነውም ይሠራል።

ቡናው ላይ ብዙ አልቆይም። ካፌይን ከሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ከቀኑ 10 ሰዓት የጠጡት ከምሽቱ 3 ሰዓት ግማሹ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሩቡ ደምዎ ውስጥ አለ። የወሊድ መከላከያ ኪኒን የምትወስድ ሴት ዘንድ ደግሞ ከዚህም በላይ ይቆያል። ልብ ሲመታና እጅ ሲንቀጠቀጥ አእምሮ «አንድ ነገር ሊመጣ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል፤ እውነተኛ ጭንቀት ላይ የተዋሰ ጭንቀት ይጨመራል። ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊግራም ካፌይን፣ ለነፍሰ ጡር እስከ 200 ችግር አያመጣም ይባላል፤ አሁን እንቅልፍ ላጣ ሰው ግን ያም ብዙ ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ አይጠጡ፣ መጠኑንም በየሦስት ቀኑ በአንድ ሲኒ ይቀንሱ። በአንዴ ካቆሙ በማግስቱ ራስ ምታትና መነጫነጭ ይመጣል፣ ያን ጊዜም «ቡና ሳልጠጣ አልሆንም» ብለው ይመለሳሉ። ሻይና የኃይል መጠጥም ካፌይን እንዳላቸው አይርሱ። በነገራችን ላይ መጠጥም እንደዚሁ ነው፤ አልኮል ቶሎ ያስተኛል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን እንቅልፍን ይቆራርጣል፣ ጠዋትም በጭንቀት ያስነሳል።

አሁን ወደ ዋናው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቶማስ ቦርኮቬክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት መብሰልሰል የሚያስቸግራቸው ሰዎች ለጭንቀታቸው በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንዲመድቡ አደረጉ፤ ሌላ ጊዜ የመጣውን ለዚያ ሰዓት እንዲያቆዩት። በአራት ሳምንት ውስጥ የዕለት ጭንቀታቸው ካልተመደበላቸው ሰዎች የበለጠ ቀነሰ። ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል፤ ሆኖም መድኃኒት ከሌላቸው ዘዴዎች ሁሉ መጀመሪያ የምመክረው ይህን ነው። ምክንያቱም «አታስብ» አይልም፤ «12 ሰዓት ላይ እናስባለን» ይላል፣ አእምሮም ቀጠሮን ከክልከላ ይልቅ ይቀበላል።

የሚደረገው እንዲህ ነው። አንድ ቋሚ ሰዓት ይምረጡ፣ ለምሳሌ ከምሽቱ 12 ሰዓት፤ ከመኝታ ቢያንስ በ2 ሰዓት መቅደም አለበት። ለጀማሪ 20 ደቂቃ ይበቃል፣ በማንቂያ ደወል ይለኩት። ቦታውም ቋሚ ይሁን፤ አልጋ፣ ሥራ የሚሠሩበት ጠረጴዛና የሚወዱት መቀመጫ አይሁን። ቀን ላይ ሐሳቡ ሲመጣ ወረቀት ላይ ከአምስት ባልበለጠ ቃል ይጻፉት፣ «የዕዳው ነገር፣ ማታ» ብለው፣ ወዲያው ወደ ያዙት ሥራ ይመለሱ። እንደገና ይመጣል። እንደገና ጭረት ያድርጉበትና ይመለሱ። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ሠላሳ ጊዜ ቢሆን አይግረምዎት፤ ልምምዱ መመለሱ ነው።

ሰዓቱ ሲደርስ ወረቀቱን አውጥተው አንድ በአንድ ይሂዱበት። ማታ ላይ ግማሹ «ይሄ ደግሞ ምን ነበር?» የሚያሰኝ ይሆናል፣ ይሰርዙት። ለቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ በሚቀጥሉት 7 ቀናት በእጄ ላደርገው የምችለው ነገር አለ? ካለ፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይጻፉት። «ዕዳውን መክፈል ቢያቅተኝስ?» የሚለው ሐሳብ እንዳለ ሲቀመጥ መጨረሻ የለውም። «ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት አበዳሪዬጋ ደውዬ የክፍያው ጊዜ ይራዘም እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ በፊት ሰኞ ማታ በወር የሚገባኝንና የምከፍለውን በአንድ ገጽ እጽፋለሁ» ሲባል ግን ሥራ ሆነ። «ጠንክሬ እሠራለሁ» ወይም «በጀቴን አስተካክላለሁ» የሚሉት አይቆጠሩም፤ ቀን የላቸውምና በማግስቱ ተመልሰው ጭንቀት ይሆናሉ።

በእጅዎ የሚደረግ ነገር ከሌለ፣ የእናትዎ ጤና ምናልባት ከዚህ ወገን ነው፣ ሦስት መስመር ይጻፉ፦ የምፈራው በትክክል ምንድን ነው፣ ዛሬ በእርግጥ የማውቀው ምንድን ነው፣ የፈራሁት ቢደርስ መጀመሪያ የማደርገው ምንድን ነው። «እናቴ አንድ ነገር ብትሆንስ» የሚለው ሲዘረዘር «የደም ግፊቷ ተመልሶ ይወጣል ብዬ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ሲለካ ደህና ነበር፤ ከወጣ ሐኪሟ ዘንድ እወስዳታለሁ» ይሆናል። ፍርሃቱ አይጠፋም፣ መልክ ግን ይይዛል። ደወሉ ሲጮህ፣ ያልተነካ ሐሳብ ቢኖርም፣ ወረቀቱን አጥፈው ይነሱና እጅን የሚይዝ ሥራ ይጀምሩ፤ ዕቃ ማጠብ፣ መራመድ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ጥናት ከባድ የጭንቀት ሕመም ያለባቸው 29 ሰዎች የፈሩትን እየጻፉ በኋላ እንዲያመሳክሩት አድርጎ ነበር፤ ከተጻፈው ከ100 91 ያህሉ ሳይደርስ ቀረ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የእርስዎን ወረቀት ግን ከወር በኋላ እርስዎው ማመሳከር ይችላሉ።

ይህ ዘዴ የሚከሽፍባቸውን መንገዶች ልንገርዎ። ሰዎች ሰዓቱን አልጋ ላይ ያደርጉታል፤ አልጋው ከጭንቀት ጋር ይጣመራል። ወይም 20 ደቂቃውን ስለ በሽታ ምልክት ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ ያሳልፉታል፤ ስልክ በዚያ ሰዓት ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ደህና በዋሉበት ቀን ይዘሉታል፤ አእምሮም ቀጠሮው እንደማይከበር ሲያውቅ ሐሳቡን ቀን ላይ ማምጣት ይጀምራል፣ ስለዚህ የሚጽፉት ባይኖርም ይቀመጡ። ሌላው፣ ማጽናኛ መጠየቅ ነው። «ምንም አይሆንም አይደል?» ብሎ አምስት ሰው መጠየቅ ለጥቂት ደቂቃ ያቀልላል፣ ከዚያ ስድስተኛ ሰው ያስፈልጋል። ጥያቄውንም ወረቀቱ ላይ ይጻፉት።

ሌሊቱን በተመለከተ፣ በ9 ሰዓት መንቃትዎ ራሱ ችግር አይደለም። ጤነኛ ሰው ሁሉ በሌሊት ለአጭር ጊዜ ይነቃል፣ አብዛኛውን አያስታውሰውም። ችግሩ ቀጥሎ የሚሆነው ነው፦ ሰዓት ማየት፣ «አሁን ብተኛ እንኳ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው» ብሎ ማስላት፣ ስልክ መክፈት። ሰዓቱን ፊቱን ያዙሩት። እንቅልፍ አልወስድ ካለ፣ በግምት 20 ደቂቃ ሲመስልዎት፣ ተነሥተው ሌላ ቦታ፣ በደብዛዛ ብርሃን፣ የማይስብ ነገር ያንብቡ፤ ዓይንዎ ሲከብድ ይመለሱ። በአንድ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ሊሆን ይችላል፣ የመጀመሪያው ሳምንት ያደክማል። የመነሻ ሰዓትዎ ግን እንቅልፍ ቢያጡም ባያጡም፣ የእረፍት ቀንም ቢሆን፣ አንድ ይሁን፤ ከመኝታ ሰዓት ይልቅ እንቅልፍን የሚያስተካክለው የመነሻው ሰዓት ነው። ከመተኛትዎ በፊት 5 ደቂቃ የነገ ሥራዎን ቢጽፉ ይጠቅማል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሙከራ የነገን ሥራ የጻፉት ያለፈውን ከጻፉት ቀድመው እንቅልፍ እንደወሰዳቸው፣ ዝርዝሩ በተብራራ ቁጥርም ይበልጥ እንደቀደሙ አሳይቷል።

እንቅስቃሴም ይጨምሩ። በፍጥነት መራመድ፣ እያወሩ መሄድ የሚያስችል ግን መዝፈን የማያስችል ፍጥነት፣ በቀን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ከሚለው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ጋር ይገጥማል። የተቀመጠ ሰውነት ያጠራቀመውን ውጥረት የሚያወጣበት ቀጥተኛ መንገድ ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መነገር አለበት። ከላይ ያለው ሁሉ መብሰልሰልን ይቀንሳል እንጂ የሁለት ሰው ሥራን ወደ አንድ ሰው አይመልስም። ችግሩ ሥራው ከሆነ የሚያስፈልገው ከአለቃ ጋር መነጋገር ነው፦ በሳምንት የሚሠሩትን ከነሚፈጀው ሰዓት ጽፎ ሄዶ «ከእነዚህ የትኛው ይዘግይ?» ብሎ መጠየቅ። ቤት ውስጥ ዱላና ዛቻ ላለበት ሰውም የትንፋሽ ልምምድ መስጠት ትርጉም የለውም፤ መጀመሪያ ደኅንነቱ ነው። ጭንቀት አንዳንዴ ትክክለኛ መልእክት ነው፣ ድምፁን ለመቀነስ ከመቸኮል በፊት የሚለውን መስማት ይገባል።

ወደ ኪኒኑ ልመለስ። ዲያዜፓም በፍጥነት ያረጋጋል፣ አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ሰውነት በጥቂት ሳምንታት ይለምደዋል፤ ለዚህ ነው ሐኪሞች ሲያዙት እንኳ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሳምንት የማያልፉት። ከሰውነት ለመውጣት ቀናት ስለሚፈጅ በማግስቱ መኪና ሲያሽከረክሩ ወይም በማሽን ሲሠሩ ምላሽዎን ያዘገያል። ከአልኮል ወይም ከጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ጋር ከተደረበ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ለወዳጅዎ የታዘዘው መጠን የእሱን ዕድሜ፣ ጉበትና ሌሎች መድኃኒቶች ታስቦ ነው። ይህን የሚያነብ፣ ለሳምንታት ሲወስደው የቆየ ሰው ካለ ግን በራሱ በድንገት አያቁም፤ መንቀጥቀጥና የሚጥል ሕመም ሊያስከትል ይችላል፣ መጠኑ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ለቆየ ጭንቀት ሐኪሞች በብዛት የሚያዙት ሌላ ዓይነት ነው፤ ሱስ አያሲዝም፣ ለመሥራት ግን ሳምንታት ይፈልጋል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቀቱን ትንሽ ሊያባብሰው ስለሚችልም ብዙዎች ቸኩለው ያቆሙታል።

የማሳስበው ይህ ነው፦ ነገ የመነሻ ሰዓትዎን ይወስኑ፣ ነገ ማታ የመጀመሪያውን 20 ደቂቃ ይቀመጡ፣ ቡናውን ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ያቁሙ። በመጀመሪያው ሳምንት ሌላ አይጨምሩ። ሁሉንም በአንድ ቀን የጀመረ ሰው ሁሉንም በአንድ ቀን ይተወዋል። በሁለተኛው ሳምንት መራመዱንና የትንፋሽ ልምምዱን ያክሉ። ለውጡን በስሜትዎ አይለኩት፤ በየቀኑ ማታ ከ0 እስከ 10 አንድ ቁጥር ወረቀቱ ጥግ ላይ ይጻፉ።

በአራት ሳምንት ቁጥሩ ካልወረደ፣ ወይም ከዚያ በፊት ሥራ መሄድ፣ መብላትና ሰው ማግኘት ካቃተዎት፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። አብዛኛውን ቀን የሚይዝ፣ ለመቆጣጠር የሚያስቸግር ጭንቀት 6 ወር ሲሞላው በአሜሪካ የምርመራ መመሪያ ራሱን የቻለ ሕመም ሊባል ይችላል፤ እርስዎ አራተኛው ወር ላይ ነዎት፣ እስኪሞላ መጠበቅ አያስፈልግም። ለዚህ የተሠራ የንግግር ሕክምና አለ፣ ብዙውን ጊዜም ከ12 እስከ 15 ቀጠሮ ይፈጃል። ሐኪሙ የታይሮይድ ሆርሞንና የደም ማነስ ምርመራ ቢያዝ አይግረምዎት፤ ሁለቱም ልብን አስመትተው ጭንቀት ሊመስሉ ይችላሉ፣ አንዳንድ የአስም መድኃኒቶችም እንዲሁ። ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሰራጭ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ወይም «ባልኖር ይሻል ነበር» የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን የአራት ሳምንቱ ነገር ይቀራል፤ በዚያው ቀን ሕክምና ቦታ ይድረሱ፣ ብቻዎንም አይሂዱ። ለቀጠሮ ሲሄዱ ያንን ወረቀት ከነቁጥሮቹ ይያዙ፣ በቀን የሚጠጡትን ቡናና የሚወስዱትን ማንኛውንም መድኃኒት ይጻፉበት፤ የወዳጅዎ ኪኒን ቀምሰው ከሆነ እሱንም ሳይደብቁ።